አክስቴ ጥርሳቸውን ያሳጠቡ ዕለት

እኛ ዘንድ ጥርስ ሐኪም ቤት የሚኬደው ሕመሙ ሌሊቱን ቁጭ አድርጎ ካሳደረ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቅርንፉድ ይነከሳል፣ ነጭ ሽንኩርት ይለጠፋል፣ በአረቄ ይጉመጠመጣል፣ ለሌላ ሰው የታዘዘ ክኒን ይዋጣል። ይህ ሁሉ አልሆን ሲል ጉንጭን በነጠላ ይዞ መሄድ ይመጣል፤ ያኔም ሐኪሙ የሚሰማው ልመና አንድ ነው፤ «ይንቀሉልኝና ልገላገል!» ስለዚህ አክስቴ አንድም ጥርስ ሳያማቸው ከደሴ ደውለው «እስቲ ጥርሴን ወስደህ አሳጥበኝ» ሲሉ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ተገረመ።

ምክንያት ነበራቸው። ታላቅ እህታቸው፣ ማለት እናቴ፣ መንጋጋዎቿን አንድ በአንድ ያጣችው ሳይቦረቦሩባት ነው። ድዷ ይደማል፣ ይሸሻል፣ ከዚያ ጥርሱ መነቃነቅ ይጀምራል፣ በመጨረሻ ዳቦ ስትገምጥ ይወልቃል። ሙሉ፣ አንድም ቀዳዳ የሌለው ጥርስ መዳፏ ላይ አድርጋ ስታየው ትዝ ይለኛል። «ዕድሜ ነው» ይባል ነበር። አክስቴ ይህን ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል። አሁን የእሳቸውም ድድ ጠዋት ጠዋት ሲፍቁ መድማት ጀምሯል። «የእህቴ ነገር ሊደርስብኝ ነው» አሉኝ። በማግስቱ አውቶቡስ እንዲሳፈሩ ለመንኳቸው።

የአክስቴን አፍ ላስተዋውቃችሁ። ድዳቸው ተነቅሷል። በልጅነታቸው፣ ገና ሳይዳሩ፣ በመርፌ እየተወጋ ጥላሸት ገብቶበት ሰማያዊ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። ያኔ የቆንጆ ወጉ ነበር፤ ነጭ ጥርስ ከጠቆረ ድድ ላይ ሲበራ ያምራል። ንቅሳቱ ድድ ያጠነክራል፣ መድማት ያቆማል ተብሎም ይታመን ነበር። መፋቂያ ከእጃቸው አይለይም። የወይራዋን ጫፍ አኝከው ካለሰለሱ በኋላ ከግራ ክራንቻ እስከ ቀኝ ክራንቻ ይወለውሉታል፤ ፈገግ ሲሉ የሚታየው ጥርሳቸው ዛሬም ያስቀናል። መፋቂያን የሚንቅ ሰው ካለ ይስማ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1987 ልማዱ ባለበት አገር እንዲበረታታ መክሯል። ችግሩ ያለው መፋቂያ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ወደ ክሊኒኩ ከመሄዳችን በፊት ቡና ላይ ወሬው ተነሣ። አንዷ ጎረቤት «ማሳጠብ ጥርስ ያሳሳል» አሉ። ሌላዋ «ባለቤቴ አሳጥቦ ሲመጣ መሃል መሃሉ ተከፋፍቶ ነው የመጣው፤ ጥርሱም ከዚያ ወዲህ ይነቃነቃል» አሉ። ሦስተኛዋ «አንዴ ከተጀመረ በየጊዜው ካልታጠበ ጭራሽ ይበላሻል» ብለው ጨመሩበት። እነዚህ ሴቶች አልዋሹም። ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ያዩትን የሚያስረዳቸው ሰው ነው ያጡት። ለዓመታት የተጋገረ የጥርስ ድንጋይ በጥርስና በጥርስ መሃል ያለውን ክፍተት ደፍኖ ይይዘዋል። ድንጋዩ ሲነሣ ድሮም የነበረው ክፍተት ይገለጣል። ሥሩን የያዘው አጥንት የተመናመነ ጥርስ ደግሞ በድንጋዩ ከአጠገቡ ካለው ጋር ተጣብቆ ቆሞ ከነበረ፣ ድንጋዩ ሲሄድ መላላቱ ይታወቃል። ያላላው ግን በድንጋዩ ላይ ሰፍሮ፣ ድድ ሥር ተደብቆ ሲኖር የነበረው ባክቴሪያ ነው። መሳሳት የሚባለውም አይደለም፤ የጥርስ ውጫዊ ሽፋን፣ ኢናሜል የሚሉት፣ ከአጥንት ይጠነክራል፤ በገላችን ውስጥ እንደሱ ጠንካራ ነገር የለም። የሠለጠነ እጅ የሚያነሣው ላዩ ላይ የተጋገረውን ነው።

ክሊኒኩን ስሙን አልጠራም። ቀጠሮ ለማስያዝ ስደውል «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይምጡ፤ ካርድ አላቸው?» ተባልኩና ስልኩ ተዘጋ። ስለ ምግብ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለሚፈጀው ጊዜ አንድ ቃል የለም። አክስቴ ያረፉት እህቴ ቤት ነበር። ከዚህ በፊት ሐኪም ቤት በሄዱ ቁጥር «በባዶ ሆድ ይምጡ» ሲባሉ ስለኖሩ፣ ዛሬም እንደዚያው ነው ብለው አሰቡ። ማልደው ተነሥተው የስኳር ክኒናቸውን እንደ ወትሮው ዋጡ፤ ቁርስ ግን አልቀመሱም። እኔ ታክሲ ይዤ በር ላይ ስደርስ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጥርሳቸውን ፍቀው፣ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር።

ሦስት ሰዓት የተባለው ቀጠሮ አራት ሰዓት አለፈው። አጠገባችን አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ተቀምጠዋል፤ ሲናገሩ ከላይኛው ከንፈራቸው ላይ እጃቸውን ያደርጋሉ። ወሬ ሲደራ እጃቸው ወረደ፤ ጥርሳቸው ቡናማ መስመር ተሰምሮበታል፣ አንዳንዱም ጫፉ ተፈረካክሷል። ተወልደው ያደጉት ወንጂ ነው። አባታቸው እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ነበሩ። ሰውዬው ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ «ታጥቦ ይነጣልዎታል» ተብለው ከፍለው ተፈትገው ነበር፤ ቡናማው ግን ንቅንቅ አላለም። «ምናልባት የዚህኞቹ መሣሪያ ይሻል ይሆናል ብዬ ነው» አሉን።

ልቤ አዘነ። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ወንጂን፣ መተሐራን፣ የዝዋይን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥርስ ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ ያልፋሉ። ሕፃኑ ይህን ውሃ እየጠጣ ሲያድግ፣ ቋሚ ጥርሱ ገና መንጋጋ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ፍሎራይዱ አሠራሩን ያዛባዋል። በጉልምስናው ወደ ወንጂ የመጣው አባት ጥርሱ እንደነጣ ይኖራል፤ እዚያ የተወለደው ልጅ ግን ጥርሱ ገና ሲበቅል የተበላሸ ሆኖ ይወጣል። ማጠብ የሚያነሣው ከላይ የተቀባውን ነው፤ የቡናውን፣ የሻዩን፣ የጫቱን፣ የሲጋራውን ቀለም። ከውስጥ የገባውን አያነሣም። ለዚያ ሌላ ሕክምና አለ፤ እንደ ጉዳቱ መጠን ማንጣትም፣ መሸፈንም ይቻላል። እኚህ ሰው ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት ይህን የሚነግራቸው ሰው ይገባቸው ነበር። የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ያውም ተራ ስንጠብቅ።

ጨዋታችን ሳያልቅ የአክስቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግንባራቸው በላብ ራሰ። «ዓይኔን ጭጋግ ሸፈነው» አሉና ክርኔን ያዙ። አንዲት ነርስ ሮጣ መጣች።

«እማማ፣ ስኳር አለብዎት? ምን በልተዋል?»

«ምን እበላለሁ ልጄ፣ ምርመራ አይደል!»

ነርሷ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ትንሽ ቆይቶ ከንፈራቸው ቀለሙ ተመለሰ። ከአጠገቡ ካለው ካፌ ዳቦና ሻይ አመጣሁ፤ የወንጂው ሰው ደግሞ ተራቸውን ለቀቁልን። የስኳር ክኒን ውጦ ሳይበሉ መቆየት ሰውን ራሱን እስኪስት ሊያደርሰው ይችላል። በዕለቱ ለነርሷ የተናገርኩትን እዚህም እደግመዋለሁ፤ ጥርስ ለማሳጠብ ባዶ ሆድ አያስፈልግም። በልቶ፣ መድኃኒትን በሰዓቱ ወስዶ፣ ጥርስን ቦርሾ መሄድ ነው። ይህን በስልክ መናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የሆነውን ስትሰማ ይቅርታ ጠየቀች፤ አክስቴ ጎን ተቀምጣ ታናግራቸው ጀመር። ስኳሩ ስንት ዓመት ሆነው? ደም ግፊትስ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? የልብ ቫልቭ ተቀይሮልዎት ያውቃል? በደረትዎ የልብ ምት ማስተካከያ አለ? ወጣት ቢሆኑ እርግዝናም እጠይቅ ነበር ስትል አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ጥያቄዎቹ ለወግ ያህል አይደሉም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊደማ ይችላል፤ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ላለው ደግሞ ባክቴሪያው በደም ሄዶ ልብ ላይ እንዳይሰፍር አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። ስኳርና ድድ ደግሞ እርስ በርስ ይጎዳዳሉ፤ ስኳሩ ከፍ ሲል ድዱ ይብሳል፣ ድዱ ሲታመም ስኳሩን መቆጣጠር ያስቸግራል።

ከዚያ ጫፏ ክብ የሆነች፣ መስመር የተሰመረባት ቀጭን ዘንግ አነሣች። በድዱና በጥርሱ መሃል ቀስ ብላ እያስገባች ለነርሷ ቁጥር ትነግራታለች፤ «ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት...»። ሚሊ ሜትር ነው። እስከ ሦስት ድረስ ጤነኛ ነው። አራትና ከዚያ በላይ ሲሆን ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ አበጅቷል ማለት ነው። አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ጤነኛ ያልሆነ ድድ በመቅላቱ ይታወቃል፣ የተነቀሰ ድድ ግን ቅላቱ አይታይም። ስለዚህ እንደ አክስቴ ባሉ እናቶች ላይ የምትተማመነው በዓይን ሳይሆን በዘንጓና በደሙ ነው። ይህን ያወቀች ሐኪም ስላጋጠመችን እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

«እማማ፣ አሁን ውሃ ይረጫል፣ ድምፅ አለው፣ ይነዝርዎታል። ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱ፤ ወዲያው አቆማለሁ» አለች። አክስቴ ወንበሩ ወደ ኋላ ሲተኛ የእጁን መደገፊያ ጨብጠው ነበር፤ ይህን ሲሰሙ ለቀቁት። መሣሪያው የሚቦረቡር አይደለም። ጫፉ በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ ይርገበገባል፤ ርግብግቡ ድንጋዩን ይፈረካክሰዋል፣ ውሃው ጫፉን ያቀዘቅዛል፣ ፍርካሹንም ያጥባል፣ ሳክሽን የሚሉት መምጠጫ ይመጠዋል። ዘዴው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥርስ ለመቦርቦር ተብሎ ተሞክሮ ኋላ ለዚህ ሥራ የዋለ ነው። ሥራዋን እየሠራች ሐኪሟ ትናገራለች፤ «ከምግብ በኋላ ጥርስ ላይ የሚቀረው ስስ ልባስ ባክቴሪያ ነው፤ በብሩሽ ይነሣል። በጊዜው ካልተነሣ ከምራቅ የሚመጣ ካልሲየም እየገባበት በጥቂት ቀናት ይደነድናል፤ ልክ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር። ከዚያ በኋላ ብሩሽም መፋቂያም አይበግረውም።»

በታችኛው ረድፍ በስተቀኝ ተጀምሮ ወደ ፊት ጥርሶች ሲደረስ መብራት ሄደ።

መሣሪያው ጸጥ አለ፣ ውሃው ቆመ፣ ሳክሽኑ ቆመ፣ ከራስ በላይ ያለው መብራት ጠፋ። የአክስቴ አፍ በደምና በውሃ እንደ ተሞላ ነበር። ነርሷ ቀና አድርጋ ወደ ጎድጓዳ ሳህን አስተፋቻቸው። «ጄኔሬተሩስ?» አልን። ተበላሽቶ ከርሟል አሉ። በዚህ ከተማ መብራት መሄዱን የማያውቅ ማን አለ? ሰው አፍ ከፍቶ በሚተኛበት ቤት ጄኔሬተር ተበላሽቶ መክረሙ ግን ይቅር የሚባል አይደለም። ይህንንም ለሥራ አስኪያጁ ነግሬያቸዋለሁ።

ሐኪሟ ጥቂት አሰበችና «የጀመርኩትን ቦታ በእጅ ልጨርሰው፤ እንዲህ ግማሽ በግማሽ ትቼው ማደር ጥሩ አይደለም» አለች። ስልኬን አውጥቼ መብራቱን አበራሁ። እንደዚያ ቀርቤ የሰው አፍ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ከፊት ሲታዩ ነጭ የሆኑት የታች ጥርሶች ጀርባቸው አንድ ወጥ ግድግዳ ነው፤ ቢጫ፣ ሻካራ፣ የትኛው ጥርስ የት እንደሚያበቃ አይለይም። የምራቅ መፍሰሻው ከምላስ ሥር፣ እዚያው አጠገቡ ነው፤ ድንጋዩ ቀድሞ የሚጋገረውም ለዚህ ነው። መፋቂያ ደግሞ ቀጥ ያለ እንጨት ስለሆነ ወደዚያ ታጥፎ አይገባም። ሐኪሟ ጫፉ የቀለበሰ ቀጭን ብረት ከድንጋዩ ሥር አስገብታ ወደ ላይ ስትስበው «ቀጭ» አለና አንድ ፍንካች ተነሣ። ጎዝ ላይ አኖረችውና አሳየችኝ። ላይኛው ገጹ ቢጫ ነው፤ ድድ ሥር ተቀብሮ የነበረው ጠርዙ ግን ጥቁር፣ ከሚደማው ድድ ደም የጠቆረ። ከተነሣበት ቦታ የጥርሱ ገላ፣ ንጹሕና እርጥብ፣ ብቅ አለ። ለስንት ዓመት ብርሃን ሳያይ የቆየ ጥርስ ነው!

አንድ በአንድ፣ ያለ ችኮላ፣ ስድስቱን የፊት ጥርሶች ጨረሰች። እጄ ደክሞት ነበር፤ አልነቃነቅሁትም። የቀረውን ግን እምቢ አለች። «ጥልቅ ኪስ ያለበትን መንጋጋ በስልክ መብራት አልነካም፤ ማደንዘዣም ይፈልጋል፤ ሌላ ቀን ነው» አለች። ይህን በማለቷ ከማንኛውም ነገር በላይ አመንኳት። ሒሳቡንም የግማሹን ብቻ አስከፈለችን።

አክስቴ ታክሲ ውስጥ ምላሳቸውን ከጥርሳቸው ጀርባ ከወዲያ ወዲህ እያመላለሱ «ባዶ ሆነብኝ፤ ነፋስ ይገባል» ይላሉ። ይህም ተነግሮን ነበር፤ ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛና ትኩስ ይነዝራል፣ ድድ ትንሽ ይደማል፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ ይረዳል፣ ደግሞም ይደማል ብሎ መቦረሽን መተው አይገባም። እንደተባለውም ሆነ፤ ንዝረቱ ሰነበተና ጠፋ።

ማታ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው ደወለች። እዚያ ጥርስ የምታጥበው ራሷን የቻለች ባለሙያ ናት፤ ሀይጂኒስት ይሏታል። ሙያው የተጀመረው ኮኔቲከት ውስጥ ነው፤ አልፍሬድ ፎንስ የሚባል የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1906 አይሪን ኒውማን የተባለች ረዳቱን ጥርስ ማጠብ አሠለጠነ፣ በ1913 ደግሞ ትምህርት ቤት ከፈተ። ልጅቷ «ኢንሹራንሴ በዓመት ሁለቴ ይከፍላል፤ እማዬም በየስድስት ወሩ ትሂድ» አለች። እኛ ጋ ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሟ ራሷ ትሠራዋለች፤ ክፍያውም ከኪስ ነው። ስድስት ወር የሚለውም ለሁሉም እኩል የሚሠራ አይደለም። ድዱ ጤነኛ የሆነ፣ የማያጨስ ሰው ከዚያ በላይ ቢቆይ የሚጎዳው ነገር ላይኖር ይችላል፤ ስኳር ያለበት፣ ድዱ ኪስ ያበጀ ሰው ግን በየሦስት ወሩም ሊጠራ ይችላል። ለአክስቴ የተሰጣቸው ቀጠሮም የሦስት ወር ነው።

የቀረውን ለመጨረስ የሄድንበት ሁለተኛው ቀን በሰላም አለፈ። አክስቴ ገንፎ በልተው ሄዱ፤ መብራትም አልሄደም። የመንጋጋው ኪስ በማደንዘዣ ተጠረገ። በመጨረሻ ጥርሳቸው በጎማ ቆብና በሻካራ ቅባት ተወለወለ፣ ቫርኒሽ የሚሉት ፍሎራይድ ተቀባ። «ለጥቂት ሰዓት ትኩስ ነገር አይጠጡ፤ ዛሬ ማታም አይፋቁ» ሲባሉ፣ በወንጂው ሰው የተነሣ ፍሎራይዱን የፈሩትን ያህል ያንንም ፈሩ። በዚያ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ቡና ተጠርተው ሄዱ፣ ተቀመጡ፣ ቄጠማውን አሸተቱ፣ ስኒውን ግን ለሌላ አሳለፉ። የጠየቋቸውን ሁሉ ጥርሳቸውን እየገለጡ አስረዷቸው። እኚያ «ያሳሳል» ያሉት ጎረቤት የክሊኒኩን አድራሻ ከእኔ ወስደዋል።

ክሊኒክ ያላችሁ ሰዎች፣ ቀጠሮ ስትሰጡ «በልተው ይምጡ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘው ይምጡ» በሉ። እናንተ ደግሞ እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ሲፍቁ ድዳቸው የሚደማ ከሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ፤ ድድ ብቻ የቆሰለ እንደሆነ ይድናል፣ አንዴ የሄደ አጥንት ግን አይመለስም። ቁርስ አብሏቸውና ውሰዷቸው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ካለባቸው ካርድ ሲወጣ ተናገሩ፤ ባትጠየቁም ተናገሩ።